የሸኽ ሙዘይን ምርኩዝ ያዥ

ነጋዴ በቅሎውን ሳያሳርፍ በማያልፍባት በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸኽ ሙዘይን የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ ብዙ ዘመኑ ነው። ምርኩዛቸውን ይዞ መስጂድ የሚያደርሳቸው፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበትን የዉዱእ ውኃ የሚያቀርብላቸው መብሩክ ነበር። መብሩክ ከአባታቸው በውርስ ያገኙት ባሪያ ነው። ሸኹ ግን ባሪያዬ ብለው ጠርተውት አያውቁም፤ «ልጄ» ይሉታል። ከሚበሉት ያበሉታል፣ ከሚለብሱት ያለብሱታል። በዚህም ልባቸው አርፎ ነበር።

አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሐጂ ኑርዬ የሚባል የሲራራ ነጋዴ አንዲት አሮጊት አስከትሎ መጣ። አሮጊቷ መርጃን ትባላለች። በሐጂው ቤት ስትፈጭና ስትቀዳ ጉልበቷ አልቋል።

«ሸኼ፣ በአላህ ስም ምዬ መሐላዬን አፍርሻለሁ» አለ ሐጂው። «የፈረሰ መሐላ ማካካሻ፣ ከፋራ አለብኝ። ባሪያ ነፃ ማውጣት ይበቃል ተብሎ የለ? ይችውና መርጃንን ነፃ አወጣኋት። እዚህ የተሰበሰበው ጀመዓ ይመስክርልኝ።»

ሸኹ እጃቸውን ዘርግተው የአሮጊቷን እጅ ዳሰሱ። ጣቶቿ ተቆልምመው አይዘረጉም።

«ከዚህ ወጥታ የት ታድራለች?» አሉ።

«እሱን እንግዲህ አላህ ያውቃል።»

«ሐጂ፣ ለከፋራ የሚወጣው ሠርቶ ራሱን የሚችል ሰው ነው። አንተ ለአላህ የሰጠኸው ማብላት የሰለቸህን ነው። እሷን ነፃ አውጣ፣ እስክትሞትም ጡራት፤ ይኼ ዕዳህ ነው። ለከፋራህ ግን በባርነት ከያዝካቸው በቅሎ ጫኞች አንዱን ልቀቅ።»

ሐጂ ኑርዬ ሰው ፊት መታረሙ አንገበገበው። ደጉን ከክፉ ሳይለይ አፉ እንዳመጣለት ተናገረ።

«ወላሂ ለመናገርማ ይቀላል! መብሩክ ጎረምሳ አይደል? እርስዎስ ለምን አልለቀቁትም?»

ከጀመዓው አንዳንዱ ሐጂውን በዓይኑ ገረፈው። ሸኹ ግን አልተቆጡም። ባለጌ አፍ እውነት ይዞ ሲመጣ እውነቱን ተቀብሎ አፉን መተው የዓሊም ወጉ ነው። ደግሞም ጥያቄው አዲስ ሆኖባቸው አልነበረም። ሌሊት ሲሰግዱ ብቅ ይልባቸዋል፤ «እሱማ ልጄ ነው» ብለው ይሸኙታል።

«መብሩክ» አሉ ወደ ጎን ዞረው። «ነፃ ወጥተህ ሑር ብትሆን ምን ታደርጋለህ? እውነቱን ንገረኝ።»

ሸኹ ምን መስማት እንደፈለጉ ራሳቸው ያውቁታል፤ «ከእርስዎ ወዴት እሄዳለሁ» እንዲላቸው ነበር።

«እናቴን እፈልጋለሁ» አለ መብሩክ። «በሕይወት ካለች።»

ሸኽ ሙዘይን ይኼን ሁሉ ዘመን አብሯቸው ሲኖር እናት እንዳለችው አንድ ቀን ጠይቀውት አያውቁም። አፈሩ። ዓይናቸው እርጥብ ሆኖ፣ ድምፃቸው ግን ሳይሰበር፣

«ለአላህ ብዬ ሑር ነህ። ጀመዓ ሆይ፣ መስክሩ» አሉ።

የራሳቸውን በቅሎ ጭነው፣ ስንቅ አስይዘው ሸኙት። ሰፈሩ ተንጫጫ። «ዓይነ ስውር ሽማግሌ እንዴት ዓይኑን ይለቃል?» ያሉ ነበሩ። ምርኩዛቸውን እንያዝ ያሉም መጡ። እሺ ብለው ጁሙዓ ጁሙዓ ብቻ አስቸገሯቸው፤ የቀረውን አጥር እየዳሰሱ ብቻቸውን ይመላለሱ ጀመር።

ክረምት ሲገባ አንድ ቀን ሱብሒ ሊሰግዱ ሲሄዱ ከሐጂ ኑርዬ ደጅ ያለው ቦይ ውስጥ ወደቁ። ሐጂው የመውደቃቸውን ድምፅ ሰምቶ ወጣ። ሸኹን ጥምጣማቸው ጭቃ ለብሶ፣ ጉልበታቸው ደምቶ አገኛቸው። አንስቶ ደጁ ላይ አስቀመጣቸው፤ ነፃ ወጥታም መሄጃ አጥታ እዚያው የቀረችው መርጃን ውኃ አምጥታ እግራቸውን አጠበች።

«አውፍ ይበሉኝ ሸኼ» አለ ሐጂው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «የዚያን ቀን ያን ባልናገር ይኼ አይደርስብዎትም ነበር። አይቆጭዎትም?»

«ይቆጨኛል እንጂ። ይኼን ሁሉ ዓመት ሳልወድቅ የሄድኩት በሰው ዕድሜ ነበር። አሁን በራሴ ነው የምሄደው፤ ብወድቅም አልሐምዱሊላህ።»

ሐጂው መስጂድ አድርሷቸው፣ አብሮ ሰግዶ ተመለሰና በቅሎ ጫኞቹን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰብስቦ በጎረቤት ፊት ለቀቃቸው። ገሚሱ ዕለቱን ሄደ፤ ገሚሱ በደሞዝ ቀረ። ለመርጃንም በግቢው አንድ ክፍል ለይቶ ሰጣት፤ ሥራ ሳይጠይቃት እስክትሞት ጦራት።

በማግስቱ ሸኹ ዘንድ ሄዶ፣ «ሸኼ፣ ለሁሉም ነፃነት ሰጠሁ። አላህ ይቀበለኝ ይሆን?» አላቸው።

«ሰጠን አንበል ሐጂ» አሉት። «የነሱ ነበር፤ መለስነው።»

ወገኖቼ፣ እውነቱን እንነጋገር። ሰው እያሰሩ የነዱት ነጋዴዎችም አምስት ወቅት ይሰግዱ ነበር። በኪታቡ ውስጥ ነፃ የማውጣት በር ከጥንት የተከፈተ ነው፤ ብዙዎች ግን በሩ ላይ ቆመው ሲያወድሱት ኖሩ እንጂ አልገቡበትም። የገቡት ጥቂቶቹ ከተማቸውን ለወጡ። ባርነት ቀረ የሚለው አዋጅ ኋላ ሲመጣ በሸኽ ሙዘይን ሰፈር የሚፈታ ሰው እምብዛም አልተገኘም ይባላል።

እኛስ? ዛሬ ቤታችን የምትሠራዋን ልጅ «እንደ ልጄ ናት» እንላለን። እናቷ ማን እንደምትባል እናውቃለን?