የታሸገው የንስር ላባ

አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር የሚኖሩ እንስሳት ላባ መሰብሰብ ይወዱ ነበር። ክረምት በወጣ ቁጥር ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተገናኝተው ይለዋወጣሉ። ላባ የሚሰጥ ሁሉ የት ወድቆ እንዳገኘው ይናገራል፤ የሚቀበለውም አፍንጫውን በላባው አሽቶ ካላስነጠሰ አይወስድም። ያን ቀን ሳቁ ለጉድ ነው።

ጥንቸል አምስት ክረምት ሙሉ የየወፉን ላባ ለቅማ፣ ያላገኘችው የንስር ላባ ብቻ ነበር። አህያ አንድ አገኘችና፣ «እታለም፣ ዘንድሮ ሾላው ሥር ስንገናኝ ያንቺ ነው» ብላ ቃል ገባችላት።

በዚህ መካከል ቀበሮ መጣ። ላባውን እንዲያበራ በወንዝ ውኃ እያጠበ፣ እርጥቡን ቅል ውስጥ እየከተተ፣ አፉን በሰም እየደፈነ፣ በቅሉ ላይ እንደ ላባው ማማር ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጥር ይጭር ጀመር። ለድካሙም ከየዐሥሩ ላባ ሁለቱን ለራሱ ያስቀራል።

«ማን ሾመህ?» አለችው ጥንቸል።

«የሚያውቅ ዓይን ሹመት አያስፈልገውም!»

ጅብ የቁጥሩን ወሬ ሰምቶ፣ ከገበሬ ጎተራ የሰረቀውን ገብስ ተሸክሞ እየሮጠ ደረሰ።

«አያ ጅቦ፣ የቆቅ ነው የጅግራ የምትፈልገው?» አለችው አህያ።

«ቆቅ ምን ያደርግልኛል? ቁጥሩን ንገሪኝ! ዛሬ በአንድ ቁና ገዝቼ ለከርሞ በዐሥር እሸጠዋለሁ።»

አህያን ገብሱ ሸተታት። የንስሩን ላባ ለቀበሮ ወስዳ አሳሸገች፤ ዘጠኝ ቁጥር ወጣለት። ጅብም አንድ ቁና ገብስ ሰጥቷት፣ ቅሉን ይዞ ዋሻው ገባ።

ጥንቸል ዋሻው ደጃፍ ድረስ ሄደች። «አያ ጅቦ፣ መቼም አትሰጠኝም፤ እስቲ አንዴ ከፍተህ አሳየኝ።»

«ከተከፈተማ ቁጥሩ ይሰረዛል!»

«አንተስ አይተኸዋል?»

«ምን ለማየት? ዘጠኝ መሆኑን አውቃለሁ!»

በዓመቱ ሾላው ሥር ማንም አልመጣም። ላባ የነበረው ሸጧል፤ ያልነበረው ዋጋውን ፈርቶ ትቶታል። ግልገሎች እንኳ የወደቀ ላባ ሲያዩ «ስንት ያወጣል?» ማለት ለምደዋል። ጅብ በገብሱ የገዛቸውን ቅሎች ሁሉ ደርድሮ ቢጮህ ገዢ ጠፋ። ቀበሮን ቢያፈላልግ፣ ወንዙን ተሻግሮ ለእንቁላል ቅርፊት ቁጥር እየሰጠ ነው አሉት።

ጅብ ጩኸቱን ሰምተው በመጡት በጥንቸልና በአህያ ፊት፣ በንዴት የንስሩን ቅል ከድንጋይ ጋር አላተመው። ላባው ሻግቶና በስብሶ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ወረደ።

«ዘጠኝ ነበር እኮ!» አለ ጅብ፣ ስባሪውን እያገላበጠ።

ጥንቸል ወደ ጭቃው ቀርባ ጮኸች። «አምስት ክረምት የጓጓሁለትን አበሰበሳችሁት! አንተስ ጅብ ነህ፣ ከአንተ ምን ይጠበቃል? አንቺ ግን እመት አህያ፣ እንዴት እንደምወደው እያወቅሽ ነው የሸጥሽብኝ!»

 ይህን ብላ ጥንቸል ፊቷን አዙራ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ከአህያ ጋር አብረው ውኃ አልወረዱም።

ከዚህ የምንማረው፣ ቁጥር ለጥፎ የሚያሻሽጥና ሳያይ ሳይወድ የሚያከማች የብዙዎችን ደስታ እንደሚያበሰብስ፣ ለጥቅሙ ብሎ ቃሉን ያጠፈም ከበደሉ ነፃ አለመሆኑን ነው።