ጅብ የደገሰው ገብስ

አንድ ጊዜ ልጇ ከሰው ቤት እንዳይበላ አጥብቃ የምትከለክል አንዲት አህያ ነበረች። ውርንጭላዋ ከቤት ሊወጣ ሲል ምክሯ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ብላ ካሉህ «ጠግቤያለሁ» በል። ውርንጭላውን ይህ ምክር አንገሽግሾታል። በቤታቸው ያለው የከረመ ገለባ ብቻ ነው፤ መጥገብ ምን እንደሆነ በየት ያውቃል?

አንድ ቀን ጠዋት እመት ቀበሮ ውርንጭላውን ለድግስ ልትጠራ መጣች። አያ ጅቦ የእናቱን ተዝካር ሊያወጣ ገብስ ከምሮ የጎረቤት ልጆችን እንደሚያበላ ተናገረች። ለነፍስ የሚደርሰው የሕፃን ጉርሻ ስለሆነም ወላጆች እንዳይደክሙ አሳሰበች።

አህያዋ ጆሮዋን አቆመች። ጅብ ገብስ መደገስ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? እናቱ ከሞተች ስንት ክረምት አልፏል፤ እስከ ዛሬስ ማን ከለከለው?

«ልጄ ጠግቧል» አለች።

«እኔ አልጠገብኩም» አለ ውርንጭላው። «አንቺ እኮ ደግ ነገር ባየሽ ቁጥር ትጠረጥሪያለሽ።»

ነገሩ ከነከናት። ዛሬ ብትከለክለው ነገ ተደብቆ እንደሚሄድ ገባት። ስለዚህ «ሳይጠሩት አቤት» ቢሏትም ይበሏት ብላ አብራው ሄደች።

ከጅቡ ዋሻ ደጃፍ ገብሱ ተቆልሎ ጠብቋቸዋል። ሌላ እንግዳ ግን የለም። ጅቡም ገብሱን ትቶ የውርንጭላውን ጭን ያያል። ልጁ ሊጎርስ ሲያጎነብስ እናቱ በትከሻዋ ገፋ አደረገችው።

«አያ ጅቦ፣ ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ አይበላም። እንደ ወጉ ቅመስልን» አለች።

ጅቡ እንቢ ለማለት አፈረ። አንድ አፍ ገብስ ዛቀ፤ ቢያላምጠው፣ ቢያላምጠው አልወርድ አለው። ዓይኑ እንባ አቀረረና ተፋው። አጠገቡ የቆመችው ቀበሮ ነገሩ ሳይበላሽ ፈጥና ጣልቃ ገባች።

«አትፍረጂበት፤ ጠዋት ብዙ በልቶ ነው። ጠግቧል» አለች።

ብልሃቷ ጥሩ ነበር። ጅብ ግን ጠገብክ ሲሉት ዝም የሚል ሆድ የለውም።

«ማን ነው የጠገበው?» አለ ተቆጥቶ። «ሦስት ቀን ሆዴን ባዶ ያደረግሁት ይህን ውርንጭላ ብዬ አይደል እንዴ?»

ቀበሮ ዓይኗን ጨፈነች። ውርንጭላው፣ ማንም ሳይመክረው፣ «እኔ ጠግቤያለሁ» አለ። እናቱ የጅቡን መንጋጋ ርግጫ አቀመሰችውና ሁለቱም እግሬ አውጪኝ ብለው አመለጡ።

ቤት ሲደርሱ አህያዋ ልጇ ስለተረፈላት አለቀሰች። ለክፉ ቀን ያቆየችውን እፍኝ ሣር ከገለባው ጋር ደባልቃ አቀረበችለት። ውርንጭላው አሸተተው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ብሎ እናቱን አያት።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» አላት።

ልቧን ወጋት። የጥርጣሬውን ዘር የዘራችው ራሷ መሆኗን ስላወቀች ግን አልተቆጣችም። አጎንብሳ ጎረሰች፤ እሱም እስክትውጥ ጠብቆ ከጎኗ በላ።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅን ከሰው ማዕድ ሁሉ ከመከልከል ይልቅ ደጋሹ ራሱ ምን እንደሚበላ እንዲያይ ማስተማር እንደሚሻል ነው።