ቦራ የጠረበው ድንጋይ

ከአገሩ ርቆ የመጣ አንድ ተማሪ መምህሩን ጠየቀ፦ «የኔታ፣ ሰው ደግ ሲያደርግልኝ፣ አስቦኝ ይሁን እንዲያው ገጥሞት፣ በምን ልለየው?» መምህሩ እንዲህ ብለው ነገሩት።

አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ ከመንደር ተነጥሎ፣ ከብት ከሚሻገርበት መልካ አጠገብ ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። በመልካው ጠጠር መካከል ጥቁር ባልጩት ሞልቷል፤ ከዚያ ውስጥ ጠርዙ የተሸራረፈውን እየመረጠ ያነሣ ነበር። የጥንት ሰዎች ባልጩት ጠርበው ቆዳ እንደፋቁበት፣ ሥጋ እንደቆረጡበት ሰምቷል። ስለዚህ አውራ ጣቱን በድንጋዩ ስርጉድ ላይ ሲያሳርፍ፣ የሌላ ሰው አውራ ጣት እዚያው ያረፈ ይመስለዋል። ቤቱን በእነዚህ ድንጋዮች ሞላው። ከሥራ ሲገባ «እንደምን ዋላችሁ» ይላቸው ነበር።

አንድ ቀን ከብቶቹን ውሃ ሊያጠጣ የመጣ ጎልማሳ ከደጃፉ ቆሞ የተደረደረውን አየና ሳቀ።

«አያ፣ ይኼንንማ የጠረበው በሬዬ ቦራ ነው» አለው፤ «ከፈለጉ ሰኮናውን ይሳሙለት።»

ነገሩ ከሰውየው ልብ አልወጣ አለ። ቢመረምር ጓደኛ ያደረጋቸውን ድንጋዮች ሊያጣ ነው፤ ባይመረምር ደግሞ ከእንግዲህ ሰላምታው ከአፉ አይወጣለትም። በመጨረሻ ጠርዛቸው ደኅና የሆነ ባልጩቶች መርጦ፣ ከብቶቹ በሚወርዱበት ላይ፣ ቦታውን በችካል ለይቶ አኖራቸው። ከብቶቹ ካለፉ በኋላ ሄዶ ሰበሰባቸው። ተሸራርፈዋል። ቤት ካሉት ጎን ሲያኖራቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተው።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሣ ያይ ጀመር። በአብዛኞቹ ላይ ሽርፉ፣ ሰኮና እንደ ረገጠው ሁሉ፣ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች፣ ደግሞ አንዱ ከወዲያ ነው፤ አንዱ ሽርፍ ስለ ሌላው አያውቅም። እንዲህ የሆነውን ሁሉ ወደ ደጅ አወጣው። አንዳንዱን አላስችል ብሎት መልሶ አስገባው፤ ደግሞም አወጣው። ቤቱ እየሰፋ ሄደ።

አንድ ድንጋይ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ በፊት ልብ ያላለው፣ መልከ ጥፉ። በዚህኛው ላይ ግን ምት ምትን ተከትሏል። አንዱ ካቆመበት ሌላው ይጀምራል፤ ሁሉም በአንድ ወገን፣ ጠርዙን ለማሾል። አንድ ቦታ ላይ ምቱ ተበላሽቷል፤ የሚቀጥለው ምት ያንን ሊያቃና ጠጋ ብሎ አርፏል። ሰውየው ያን ድንጋይ በመዳፉ ይዞ ባዶው ቤት ውስጥ ብዙ ቆየ።

መምህሩ ወደ ተማሪው ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ ደግነት እንዲያው መንገድ ላይም ይገጥማል፤ አመስግነህ እለፍ። የሚያስብህ ሰው ግን ትናንት ካቆመበት ይቀጥላል፤ ቢያስከፋህም ያበላሸውን ሊያቃና ይመለሳል። በዚህ ስትለይ ብዙው ከእጅህ ይወጣል፣ ቤትህም ጭር ይልብሃል። ያን ጊዜ፣ ጭር አለብኝ ብለህ፣ የጣልከውን መልሰህ አትልቀም።»