የሁለት በር ቁልፍ

ምላሷ ከምትሸጠው ቃሪያ የባሰ የሚያቃጥል አንዲት ቸርቻሪ ነበረች አሉ። ልጇ ይርገዱ በሰብአዊ መብት ትምህርት ተመርቃ ሥራ አጥታ ቤት ብትውልባት፣ እጇን ይዛ ወደ ወረዳው አስተዳዳሪ ወሰደቻትና «ሥራ ይስጡልኝ» ብላ ለመነች። አስተዳዳሪው ባለጉዳይ በተሰበሰበበት ሳቀ።

«እኛ ጋ እኮ ለሰብአዊ መብት ቦታ የለም።»

«እሱንማ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል ጌታዬ» አለች እናት።

ባለጉዳዩ በነጠላው አፉን ሸፈነ። ይርገዱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች፤ ገና ያልያዘችው ሥራ በእናቷ አፍ ሰበብ ሲያመልጣት ታያት። አስተዳዳሪው ፊቱ ጠቆረ።

«አንቺ አዋቂ ነሽ መሰለኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ ይህን የተማረ ሰው መጨረሻው የት ነው? መልሱን ካጣሽው ልጅሽ በዚህ ወረዳ ሥራ የሚባል አታይም።»

እናት ነጠላዋን አስተካከለች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«መንገዱ ሁለት ነው ጌታዬ። የተማረውን የረሳ ቢሮ ይገባል፤ ያልረሳ እስር ቤት ይገባል። የሁለቱም በር ቁልፍ ያለው እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው፤ ታዲያ ልጄን ይዤ ሌላ የት ልሂድ?»