እንግዳ ይቅደም ያለው ቀበሮ

መጣህ? ከበሩ ዘወር በልና ቁጭ በል፤ ነብሪት ልትዘል ነው።

አዎ፣ እመት ነብሪት። ሆዷን መሬት አስነክታ አስታው ቁጥቋጦ ሥር ተለጥፋለች፤ የምትንቀሳቀሰው የጭራዋ ጫፍ ብቻ ናት። ፊት ለፊቷ አንድ ሽማግሌ አውራ በግ ይግጣል። ቀንዱ ተጠምዝዞ ጆሮውን አልፏል፤ ጥርሱ ስላለቀ ሣሩን የሚያላምጠው በድዱ ነው። ልጆቿ ከዋሻው አፍ ሆነው ምራቃቸውን ይውጣሉ። ክረምት ሊገባ ነው። ደመናው አንዴ ተራራው ላይ ከተኛ አደን የሚባል ነገር የለም፤ ከዚያ በፊት አንድ በግ ካልያዘች ልጆቿ መስከረምን አያዩም። ጡንቻዋ ተወጠረ። ልትነሣ፣ ልትነሣ፣ አሁን ልትነሣ ስትል፦

«በሕግ አምላክ!»

በዚያ አገር በሕግ አምላክ ከተባለ አየር ላይ ያለ እግር እንኳ አየር ላይ ይቆያል። ነብሪት ቀጥ አለች። በጉ ግን ሕግ የሚያውቅ ፍጡር አይደለምና ድንጋዩን እያንከባለለ ገደሉን ወርዶ ሄደ።

ከጅባራው ጀርባ ቀበሮ ብቅ አለ። ጭራው ተበጥሯል፣ ሆዱ ከፊቱ ቀድሞታል።

«እንደምን ዋሉ፣ እመት ነብሪት?»

«ምን ውዬ! አንተ መቼ ታስውላለህ? ምን አጠፋሁ? በጉ ሽማግሌ ነው፣ ቀንዱ ሞልቷል፣ ዘንድሮ አንድም አልነካሁ። ድርሻዬ ነው!»

«ማን አጠፉ አለዎት፣ እመቤቴ? ድርሻዎ ድርሻዎ ነው። ግን በተራራው በር እንግዳ ገብቷል። እንግዳ ይቅደም!»

ነብሪት ጥርሷን ነከሰች። ምን ትበል? እንግዳ አይቅደም ትበል? እንዲህ የሚል አፍ በዚያ አገር ገና አልተፈጠረም።

«እንግዳ ይቅደም» አለችና ባዶ እጇን ወደ ልጆቿ ተመለሰች።

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። አገሩ የት ነው አትበለኝ፤ ተራራ ነው፣ ከሱ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ዘመኑም ቢሆን አውሬ በሸንጎ ተሟግቶ የሚስማማበት፣ ሰው ደግሞ ገና ውሸት ያልተማረበት ዘመን ነው። እዚያ ተራራ ላይ የዱር በጎች ነበሩ፤ የማንም ያልሆኑ። የማንም ያልሆነ ነገር ቶሎ እንደሚያልቅ የገባቸው አዳኞች ተሰብስበው ሕግ አወጡ። ዳኛው አባ ጭላዳ ሆኑ። ለምን እሳቸው? ሣር በሊታ ናቸዋ! በሥጋ ጉዳይ የሚታመነው ሥጋ የማይበላ ብቻ ነው።

ሕጉ አጭር ነበር። ባላገር አዳኝ በዓመት አንድ አውራ፤ እሱም ቀንዱ የሞላ ሽማግሌ። እናትና ጠቦት አይነካም። ከሌላ አገር የመጣ አዳኝም እንደዚያው አንድ፤ ነገር ግን ገደሉን ስለማያውቀው ያለ ባላገር መሪ አይወጣም። መሪው ሲመራ አያድንም፤ ለድካሙ ወርች ይቆረጥለታል። ሁሉም «ደግ ሕግ ነው» አሉ። በጎቹን የጠየቃቸው የለም፤ እነሱም አልተቀየሙም።

ቀበሮም ባላገር ነውና ድርሻ ነበረው። ድርሻው ግን በሕጉ ላይ እንጂ በጥርሱ ላይ አልነበረም። አንድ ቀን ደፍሮ አውራ በግ ጀርባ ላይ ዘሎ ወጣ። በጉ ዝንብ መስሎት ሰውነቱን አንዴ አራገፈና ግጦሹን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ቀበሮ አደን ተወ። ምላስ ያለው ጥርስ ምን ያደርግለታል? መሪ ሆነ። ዛሬ ከተማ ውስጥ ቢኖር ደላላ ይሆን ነበር።

የመጀመሪያው እንግዳ ከቆላ የመጣ አንበሳ ነበር። ቆላ ላይ ቢያገሳ ዛፍ ይንቀጠቀጣል ይባላል፤ ተራራው ላይ ግን የተንቀጠቀጠው እሱ ነው። ብርድ!

«ቀስ ይበሉ ጌታዬ፣ እግርዎን እዚህች ላይ። እዚያች ላይ አይደለም፣ እዚያች ላይ የአጎቴ ልጅ ነው የወደቀው።»

«ገና ነው?» ይላል አንበሳ እያለከለከ።

«ደርሰናል ጌታዬ። ያቺን ብቻ ነው የምንወጣው።»

«ያቺን ብቻ ያልከው ጥዋትም ነው!»

እውነት ለመናገር ቀበሮ መምራት ይችልበት ነበር። ነፋሱን ከፊት አድርጎ፣ ጠጠር ሳያንከባልል፣ አንበሳውን አንድ ደንቆሮ ሽማግሌ በግ አፍንጫ ላይ አደረሰው። አንበሳ ዘለለ፣ ጣለ፣ ፎከረ። «ዘራፍ! የአውራው ገዳይ!» እያለ ገደሉን አስተጋባው። ጥርስ ለሌለው በግ እንዲያ የተፎከረ እንደሆን ጥርስ ላለው ምን ሊባል ነው? ቀበሮ ግን «ገዳይ! ገዳይ!» እያለ አጨበጨበ፣ ወርቹንም ተቀበለ።

ወርች ጣመው። አንዱ ወርች ሌላ ወርች አስመኘው። እንግዳ በበዛ ቁጥር ወርች ይበዛል፤ ግን ቀንዳቸው የሞላ ሽማግሌዎች ጥቂት ናቸው፣ ባላገሩም በጊዜ ድርሻውን ያነሣል፣ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ባዶውን ይመለሳል። ይህን ያየ ቀበሮ ሸንጎ ጠራ።

«አባ ጭላዳ፣ ወገኖቼ» አለ አንገቱን ሰብሮ፣ «አፍሬያለሁ። ሰው አገር ሄዳችሁ፣ ባለቤቱ ጠግቦ ለእናንተ አጥንት ቢያቀርብ ምን ትላላችሁ? እንግዳ ስንት ቁልቁለት ወርዶ፣ ስንት ዳገት ወጥቶ ይመጣል። እኛ እዚሁ ነን። በጉም እዚሁ ነው። ምናለ መጀመሪያ እንግዳ ቢያነሣ? እንግዳ ይቅደም ብል ነውር ነው?»

ነብሪት ጅብን አየችው። አያ ጅቦ፣ የሁሉም ጎረቤት፣ ሆዱ የማይሞላ ባላገር፣ መሬት መሬቱን ያያል።

«የሚቃወም አለ?» አሉ አባ ጭላዳ።

ጅብ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሁሉም ዞረው አዩት። «ኧረ እኔ… እንግዳማ ይቅደም እንጂ» ብሎ ዘጋው። ሆዱ ሌላ ይል ነበር፤ ግን ይሉኝታ ከሆድ ይበልጣል። በጅብ ዘንድ እንኳ!

እንዲህ ሆኖ ጸደቀ። ከዚያማ እንግዳው ጎረፈ። የአንበሳው ወንድም መጣ። የወንድሙ አማች መጣ። የአማቹ ጎረቤት መጣ። ቀበሮ ከተራራው በር ላይ ተቀምጦ ይቀበላል፣ ይመራል፣ ወርች ይበላል። ማደሪያውን ደግሞ በባላገሩ ዋሻ ይደለድላል። አንዱን ነብሪት ዘንድ፣ ሌላውን ጅብ ዘንድ። የራሱ ዋሻ? «ጠባብ ናት፣ እንግዳ አይቀመጥባትም፣ አፍራለሁ!»

ጅብ አንድ ቀን ምርር ብሎት፣ «ይሄኛው ደግሞ የማን ዘመድ ነው? ከየት ነው የመጣው?» ቢል፣ ቀበሮ ደረቱን መታ።

«አያ ጅቦ! እንግዳን ሳይበላ ሳይጠጣ ከየት መጣህ ማለት በየት አገር ነው ያየኸው?»

ጅብ አፈረ። አፍሮ ሄዶ አሮጌ ቆዳ ላሰ።

እና ያን ዕለት፣ በጉ ከእጇ ያመለጣት ዕለት፣ ነብሪት ልጆቿን አየች። ቆዳቸው ሰፍቷቸዋል፤ የሌላ ነብር ልብስ የለበሱ ይመስላሉ። ዋሻዋ ውስጥ ደግሞ የአማቹ ጎረቤት እግሩን ዘርግቶ፣ የበላውን አጥንት ትራስ አድርጎ ያንኮራፋል። ወደ ጅብ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ከዚህ ተራራ ወርደህ ታውቃለህ?»

«ወርጄ ምን ልሠራ?»

«ለመመለስ።»

ጅብ አልገባውም። እስክትነግረው ድረስ አልገባውም። ሲገባው ሣቁ ገደል ለገደል ተሰማ።

ነብሪት ልጆቿን ይዛ በማዶው ወረደች። ጅብ ተከተላት። የቀሩት ባላገሮችም፣ ሸለምጥማጡም አነሩም፣ አንድ በአንድ ወረዱ። የመጨረሻው የቆላ እንግዳም በጉን በልቶ፣ ብርዱን ረግሞ አገሩ ገብቷል። ቀበሮ ከበሩ ላይ ሆኖ አዲስ እንግዳ ሲጠብቅ፣ ከታች አቧራ የለበሱ መንገደኞች ብቅ አሉ።

«ቤቶች!» አለች ነብሪት።

«እመት ነብሪት? እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እንግዳ ነኝ። ከሩቅ መምጣቴ ነው። አንድ አውራ ባነሣ ብዬ መሪ ፈልጌ ነበር።»

«ምን ይቀልዳሉ! ትናንት እኮ እዚያች አስታ ሥር…»

«እንግዳን ሳይበላ ሳይጠጣ ከየት መጣህ ማለት በየት አገር ነው ያየኸው?»

ጅብ ከኋላ ሆኖ ጎኑን ይዞ በሣቅ ይፈርሳል። ቀበሮ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ባሉበት ቆሙ። አባ ጭላዳ ሣራቸውን እያላመጡ መጡ።

«አባ፣ እነዚህ ባላገሮች ናቸው! እንግዳ ነን ይሉኛል!»

«ከተራራው ወርደው ነበር?»

«ወርደው ነበር።»

«አሁን በበሩ እየገቡ ነው?»

«እየገቡ ነው፤ ግን ይህ እኮ ማጭበርበር ነው!»

«ነው» አሉ አባ ጭላዳ፣ «ሕጉ ግን ያንተ ነው። ምራ።»

ቀበሮ በልቡ «ወርች ያው ወርች ነው» ብሎ ተጽናና፣ መምራትም ጀመረ። ምን መምራት! ነብሪት ያን ገደል ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው። ተመሪዋ ከፊት፣ መሪው ከኋላ። «ቀስ… ቀስ ይበሉ እመቤቴ… ያለ መሪ ክልክል ነው!» እያለ ምላሱ ተንጠልጥሎ ሲደርስ፣ ሽማግሌው በግ ወድቋል፣ ልጆቿም ፊታቸውን ቀብረው ይበላሉ። ከጆሯቸው በቀር የሚታይ የላቸውም።

ነብሪት ግን ሕግ አልበላችም። ወርቹን ቆርጣ አስቀመጠችለት።

ቀበሮ ሊነክስ ሲል ጅብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ አያ ቀበሮ። ባላገር እንግዳ ሳይጠግብ ይጎርሳል እንዴ?»

እውነትም በተራራው ላይ የቀረው ባላገር ቀበሮ ብቻ ነው። ወርቹን አቀረበ። ጅብ በላ።

«ጠገብክ፣ አያ ጅቦ?»

«ገና ነኝ።»

አጥንቱንም በላ።

«አሁንስ?»

«ኧረ ገና ነኝ፤ መንገዱ ርቆኝ ነው መሰለኝ።»

ከዚያ ማደሪያ ጠየቁ። እንግዳ ዋሻ የለውም፤ ባላገር ነው ያለው። ሁሉም ተያይዘው ቀበሮ ቤት ገቡ። ጠባብ ናት ያላት ዋሻ ለካ አዳራሽ ናት! ነብሪት ከነልጆቿ ጓዳውን ያዘች፣ ጅብ መሃሉን፣ ሸለምጥማጥና አነር ግራና ቀኙን። ቀበሮ የሁሉንም እግር አጥቦ፣ ጉዝጓዙን ለቆ፣ ከደፉ ላይ ተኮራመተ። በማግሥቱ ጅብን መራ፣ ከዚያ አነርን መራ፤ ሁልጊዜ ወርች ይቆረጥለታል፣ ሁልጊዜ እንግዳ ይቀድማል። «ጠገባችሁ?» «ገና ነን።» ያ ከፊቱ ይቀድመው የነበረ ሆድ ወደ ጀርባው ገባ።

በመጨረሻ ቀበሮ ራሱን መታ። «እኔ ምን ዓይነት ፋራ ነኝ? እንግዳ መሆን ለእነሱ ብቻ ነው እንዴ?»

ተደብቆ ወጣ፣ ተራራውን ወረደ፣ ዞሮ በበሩ ገባ። ሲመለስ ክረምቱ ተቀበለው። በረዶው እንደ ባቄላ ይወርዳል፣ ጭራው የራሰ ገመድ መስሏል። ከዋሻው ፊት ቆመና ጮኸ።

«ቤቶች! ቤቶች! እንግዳ ነኝ!»

ከውስጥ አጥንት ሲሰበር ይሰማል። ቆይቶ ጅብ መለሰ። «ባለቤቱ የለም።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ!»

«እንግዳ ነኝ አላልክም?»

«እሺ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ይቅደም!»

«ሁላችንም እንግዶች ነን ወንድሜ። እኛ ደግሞ ቀድመናል። ለመሆኑ ያለ መሪ እንዴት ወጣህ?»

ቀበሮ ዞር ቢል አባ ጭላዳ ከድንጋይ ጥግ ተጠልለው ሣራቸውን ያላምጣሉ።

«አባ፣ በሕግ አምላክ! ሕጉ ይሻር! እንደ ድሮው ይሁን፤ ባላገሩም አንድ፣ እንግዳውም አንድ፣ ማንም ማንንም አይቅደም!»

«ያማረ ነገር ተናገርክ» አሉ አባ ጭላዳ። «ግን ሕግ ይሻር የሚል ባላገር ነው። እንግዳ በሰው ሸንጎ አይናገርም።»

ቀበሮ በረዶው ጆሮው ላይ እየነጠረ ጭራውን እግሩ መሃል ሸጎጠ። ያኔ ነብሪት ከጓዳው ተነሥታ፣ የተኙትን ልጆቿን ተራምዳ፣ እስከ ደፉ መጣች። ከላይ እስከ ታች አየችውና እንዲህ አለችው፦

«በሰው ድርሻ ቸር የሆነ፣ በገዛ ደጁ እንግዳ ሆነ።»