የጣት መስመር ያለበት ጎጆ

እስቲ ጆሯችሁን ወደዚህ አቅኑ፤ ገበያ የሄደ ሐሳባችሁንም ጥሩልኝ።

አያ ደምለው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ጥሩወርቅ ካረፈች ወዲህ በአሮጌው ክብ ጎጆ ብቻቸውን ቀሩ። ቀን ከበሬያቸው ጋር ያወራሉ፤ ማታ ከማንም። ልጃቸው ስንዱ የበኩር ልጇን ልትወልድ ደርሳለች። የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ጎጆው ግን ለአራስ አይበቃም።

«አንዲት ጓዳ ልቀጥልላት» አሉ። «ያለዚያ አማቶቿ ዘንድ ትቀርብኛለች።»

ጎጆው እንዳለ እንዲቆይም ፈልገዋል። ጥሩወርቅ ስትለስነው በጣቶቿ የሳበችው መስመር ግድግዳውን ዞሮታል። ማታ ማታ በእጃቸው ይዳብሱታል።

ዶማ ይዘው ወደ ግድግዳው ሄዱ። «ግድግዳዬ፣ ስንዱ ልትወልድ ነው፤ መግቢያ ክፈትልኝ።»

«እንደ ድሮው የሚለስነኝ ጭቃ ካልመጣ አልከፈትም» አለ ግድግዳው።

ወደ ጭቃው ሄዱ። «ጭቃዬ፣ ስንዱ ልትወልድ ነው፤ ግድግዳው አልከፈትም አለ፤ ተለጠፍልኝ።»

«ጭድ ካልበላሁ እሰነጠቃለሁ፤ አልለጠፍም» አለ ጭቃው።

ወደ ጤፉ ነዶ ሄዱ። «ነዶዬ፣ ስንዱ ልትወልድ ነው፤ ግድግዳው አልከፈትም አለ፤ ጭቃው አልለጠፍም አለ፤ ጭድ ሁንልኝ።»

«በሬ ካልረገጠኝ አልደቅም» አለ ነዶው።

ወደ በሬው ሄዱ። «በሬዬ፣ ስንዱ ልትወልድ ነው፤ ግድግዳው አልከፈትም አለ፤ ጭቃው አልለጠፍም አለ፤ ነዶው አልደቅም አለ፤ አውድማው ላይ ዙርልኝ።»

በሬው ሲያመነዥክ ቆየና «ብቻዬን አልዞርም» አለ። «የብቻን ነገር እርስዎም ያውቁታል።»

ጥንድ የሚሆን በሬ ያላት ጎረቤታቸው ጠጅቱ ናት፤ የጥሩወርቅ ባልንጀራ። ከተዝካሩ ወዲህ ደጇን ረግጠው አያውቁም። እየከበዳቸው ሄዱ።

«ጠጅቱ፣ ስንዱ ልትወልድ ነው፤ ግድግዳው አልከፈትም አለ፤ ጭቃው አልለጠፍም አለ፤ ነዶው አልደቅም አለ፤ በሬዬ ብቻዬን አልዞርም አለ፤ በሬሽን አውሺኝ።»

«አላውስም!» አለች ጠጅቱ። «እንጀራ ይዤ ስመጣ ደጁን ዘጉብኝ። የጥሩወርቅን ግድግዳ ሰው እንዳይነካብኝ ብለው! ያ መስመር እኮ የግራው የእሷ፣ የቀኙ የእኔ ጣት ነው። ከደጁ ተነሥተን ዞረን ከኋላ ተገናኘን፤ መስመሮቻችን ግን በር የሚያህል ቦታ ትተው ሳይነካኩ ቀሩ። ሐዘኑ የእርስዎ ብቻ ነው እንዴ? እኔስ አልናፈቀችኝም?»

አያ ደምለው መስመሩን አሰቡት። ስንት ማታ የዳበሱት የማንን ጣት ነው?

«አላወቅሁም» አሉ። «ብቻዬን መሆን ከበደኝ፣ ጠጅቱ። ቤቴ ነይ።»

ጠጅቱ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ተነሣች። ጠጅቱ ስትመጣ በሬዋ ተከተላት፤ በሬዋ ሲመጣ በሬያቸው ዞረ፤ በሬዎቹ ሲዞሩ ነዶው ደቀቀ፤ ነዶው ሲደቅ ጭቃው ጭድ በላ፤ ጭቃው ሲቦካ ግድግዳው ተከፈተ። የተከፈተውም ሁለቱ መስመሮች ከኋላ ሳይነካኩ በቀሩባት ባዶ ቦታ ነው፤ አንዲት መስመር አልተቆረጠችም።

ጓዳው ሲለሰን ጠጅቱ የቀኙን በጣቷ ሳበች። የጥሩወርቅ የግራው ግን ባዶውን ቀረ።

«እርስዎ ይሳቡት» አለች።

ለስነው አያውቁምና ጠመም አድርገው ሳቡት።

ስንዱ እናቷ ቤት ወለደች። አራስ ቤት ተኝታ ግድግዳውን እያየች «አባዬ፣ ይሄ ጠማማው የማነው?» አለች።

«የእናትሽ ቦታ ነው» አሉ አያ ደምለው። «እኔ ነኝ የሞላሁት።»

አበቃሁ፤ አፌ ደርቋል፣ ውኃ አቀብሉኝ።