እመት አህያና ያልተናፈሰው ጉድጓድ

አንድ ጊዜ፣ የሐሙስ ገበያ ትልቅ ትንሹን ያጠግብ በነበረበት ዘመን፣ ጭነት ያሳደጋት አንዲት አህያ ነበረች። እንስሳቱ እመት አህያ ይሏታል። የዝንጀሮን በቆሎ፣ የከርከሮን ድንች፣ የጦጣን ሙዝ እያመላለሰች በጭድና በፉርሽካ ትከፈል ነበር። በዚያ ገበያ አያ አንበሶ ያወጣው አንድ ሕግ ነበር፤ ከገበያው ክልል ውስጥ ማንም ማንንም አይበላም። ስለዚህ እመት አህያ ከነብር ልኳንዳ ጀርባ አጥንት ከሚቆረጥመው ከአያ ጅቦ ጋር ሳይቀር ሰላምታ ትለዋወጥ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ዝናቡ ሰነፈ፤ ነገር ሁሉ ተወደደ። ለአንድ ጭነት ይሰጥ የነበረው አንድ እቅፍ ጭድ መጀመሪያ ግማሽ ሆነ፤ ቆይቶ ደግሞ እፍኝ ሆነ። ፉርሽካማ ስሙም ጠፋ። እመት አህያ ብቻዋን ብትሆን ግድ አልነበራትም፤ መቻል የአህያ ሙያ ነው። ግን አርግዛ ነበር። ገና ሆዷ ሳይገፋ፣ ከሷ በቀር ማንም ሳያውቅ፣ ጉድባ ስትሻገር ልጇ እንዳይናወጥ ቀስ ማለት ጀምራ ነበር።

«ስማ ልጄ፣» አለችው አንድ ማለዳ፣ «ይህ ገበያ ለእኔ ያልበቃ ለሁለታችን አይበቃም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። እንሄዳለን።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ጭነቷን አራግፋ ተሰናበተች።

«ሩቅ ልሄድ ነው። ከእንግዲህ ገበያ አያውቀኝም፤ እኔም ገበያ አላውቅም። የምበላውን ራሴ አበቅላለሁ፤ የምጠጣውን ከሰማይ እቀበላለሁ። ክፉ ቀን ሲመጣ የማንንም እጅ አላይም።»

የገበያው ደላላ እመት ቀበሮ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ገዢ የሌለበት፣ ሻጭ የሌለበት፣ ደላላ እንኳ የሌለበት አገር! የኔ እመቤት፣ እንዲህ ያለውን ቦታ እኛ መቃብር ነው የምንለው።»

አያ ጅቦም የጎረሰውን አጥንት ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ ቀና አለ።

«ሥጋ አለ እዚያ?»

«የለም፣ አያ ጅቦ።»

«አጥንትስ?»

«አጥንትም የለም።»

«እንግዲያ ምን ልትሆኚ ትሄጃለሽ?» አለ፤ ከልቡ አዘነላት። ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «ደግሞ አንቺን የማልበላሽ በገበያው ሕግ ነው። ከገበያው ከወጣሽ እኔ እንጃ።»

ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። ጅብ ሆዳም ነው፣ ሞኝም ነው፤ ሆዱ ያለውን ግን አፉ አይደብቅም። እመት አህያ «ለዚህ እኮ ነው የምሄድበትን የማልናገረው» አለችና መንገዷን ያዘች።

የወጣችው ጭልፊት አምባ ከሚባል ጋራ ላይ ነበር። እዚያ ድሮ ሰዎች ሰፍረው ኖረው፣ ለቀው የሄዱበት ፍርስራሽ አለ። የዝናብ ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ቋጥኝ አገኘች። ዙሪያዋን እሾህ ጎትታ አጠረች፤ መግቢያ እንኳ ሳታስቀር ድፍን አድርጋ አጠረችው። ከገበያ ይዛ የመጣችውን ጥቂት የማሽላ ዘር መሬቱን በሰኮናዋ እየጫረች ዘራች። የዘገየው ዝናብ አንድ ጊዜ ራራላትና ማሽላው ያዘ።

ከሁሉ በላይ ደስ ያላት ግን ሰዎቹ ትተውት የሄዱት የእህል ጉድጓድ ነው። አፉ እንደ እንስራ ጠባብ፣ ሆዱ እንደ እንስራ ሰፊ ነበር። ያኔ ሆዷ ገና ስላልገፋ እንደምንም ተጣብቃ ገብታ፣ ውስጡን በጭቃና በፋንድያዋ ለቅልቃ ወጣች። ማሽላውን ሞላችበትና አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጥማ፣ ቀዳዳ እንዳይቀር በጭቃ መረገችው። ሰዎቹ ጉድጓዱን ትተው ሄደዋል፤ የጉድጓዱን ዕውቀት ግን ይዘውት ነው የሄዱት። እመት አህያ ዕድሜዋን ሙሉ እህል ተሸከመች እንጂ ጉድጓድ ሲከፈት ቆማ አይታ አታውቅም። የሚነግራትም ጎረቤት አልነበረም።

በቀረው ጊዜ ሣሯን እየጋጠች ከሆዷ ልጅ ጋር ታወራ ነበር።

«እናቴ ‹ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል› ትል ነበር። እኛን ግን አይመለከትም። እኛ እኮ ሁለት ነን፣ አይደለም?»

ልጇ በእርግጫ መለሰላት፤ እሷም መልሱን እንደወደደችው ተረጎመችው።

የሚቀጥለው ዝናብ ጭራሽ ቀረ። የሐሙስ ገበያም ሞተ። ነብር ልኳንዳውን ዘጋ፤ ዝንጀሮም ሥራ ሥር ሊቆፍር ገደል ወረደ። አያ ጅቦ አጥንት አጣ፤ እመት ቀበሮም የምታስማማው ሻጭና ገዢ አጥታ ጉሮሮዋ ደረቀ። እመት አህያ በኋላ እንደሰማችው፣ ሁለቱ እንዲህ ተባብለው ነበር።

«አያ ጅቦ፣ የራበው ሁሉ ወደ ገበያው ተመልሶ ሲለምን አይተናል። ያልተመለሰ ማን ነው?»

«አጥንት?»

«እመት አህያ ናት! ያልተመለሰ ጠግቧል ማለት ነው።»

«ምን በልታ?»

እመት ቀበሮ ጅብን ማሽላ ከቦታው እንደማያነሳው ታውቃለች። ብቻዋን የምትኖር አህያ እሾህ ሳታጥር እንደማታድርም ታውቃለች፤ ያንን እሾህ ደግሞ ብቻዋን ጥሳ መግባት አትችልም።

«ጉድጓድ ሙሉ ሙዳ ሥጋ አላት ይባላል።»

«አህያ ሥጋ ትበላለች እንዴ?»

«አትበላም። ጉድጓዱ ሙሉ የሆነው ለዚህ አይደል?»

አያ ጅቦ ይህን ነገር ደጋግሞ አሰበው፤ ምንም እንከን አላገኘበትም። ተነሱና ዱካዋን እያነፈነፉ ጋራውን ወጡ።

በዚያው ቀን እመት አህያ ጉድጓዷን ልትከፍት ወስና ነበር። የጋራው ሣር አልቋል። የመውለጃዋ ቀን ደርሷል። ጭቃውን በሰኮናዋ ፈርፍራ ድንጋዩን በግንባሯ ገፋችው። ሞቅ ያለ፣ እርሾ እርሾ የሚል ሽታ ወጣ።

«እሰይ! መጣልህ ልጄ» አለች። የፊት እግሯን ከጉድጓዱ አፍ አስገብታ አንገቷን ዝቅ አደረገች። አፉ ለሆዷ ይበቃ አይበቃ እንደሆነ እንኳ አላሰበችም፤ ረሃብ ስፋት አይለካም።

«ቁሚ!» አለ ጎርናና ድምፅ።

ቀና ብትል የእሾህ አጥሯ ተደርምሷል። አያ ጅቦ እሾሁ እንደተሰካበት ቆሟል፤ እመት ቀበሮም እሱ በጣሰው በኩል አንድ ጭረት ሳይነካት ገብታለች።

«እመት አህያ፣ ወፍረሻል» አለ ጅቦ።

«አርግዤ ነው።»

«እንግዲያ ሁለት ናችሁ» አለ ምራቁን እየዋጠ። «እዚህ ደግሞ የገበያው ሕግ የለም። ነግሬሽ ነበር።»

እመት አህያ በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ፈርታለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ፈርታ አታውቅም። በዚያ ሆድ ሮጣ የትም አትደርስም።

«አያ ጅቦ፣ ስለ እናትህ፣ ልጄን ልገላገል። እህሌን እንዳለ ውሰዱት። ቆዩ፣ ገብቼ ላውጣላችሁ።»

«ብልጥ! ገብተሽ ሥጋውን ልትጨርሺው!»

«ልክ ነህ፣ አያ ጅቦ» አለች እመት ቀበሮ። «እሷ እንደሆነች እግሯ ከብዷል፣ የትም አትሄድም። በል አንተ ቅደም፤ ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም።»

ቅደም ተብሎ የማያውቀው አያ ጅቦ በክብሩ ሰከረ። እመት አህያን በትከሻው ገፍትሮ በጎኗ ጣላትና ዘሎ ገባ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? ይሄኛው ቀንድም አላገኘም።

«ማሽላ ነው» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «ሥጋው ከሥሩ… ይሆናል…» ከዚያ አንድ ረጅም ማዛጋት ተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ።

እመት አህያ እንደምንም ተነስታ አየችው። ምላሱን አውጥቶ እህሉ ላይ ተዘርግቷል።

«ተኛ እንዴ?»

እመት ቀበሮ ከጉድጓዱ ርቃ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነበር የቆመችው።

«አልተኛም። የታሸገ ጉድጓድ ትንፋሹ ክፉ ነው። ቀንና ሌሊት ተከፍቶ ካልተናፈሰ የገባበት አይወጣም።»

«ታውቂ ነበር?»

«ስንት ጉድጓድ እህል ያሻሻጥኩ ሴት!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«አልጠየቀኝማ። ደግሞ ምን ሆነሻል? ተገላገልሽ እኮ! ልጅሽም ተረፈ፣ አንቺም ተረፍሽ።»

እመት አህያ ግን አትሰማትም ነበር። ከጉድጓዱ አፍ ላይ የራሷን የሰኮና ፋና እያየች ነበር። አንድ እርምጃ ቀርቷት ነበር። አንድ እርምጃ ብትጨምር ኖሮ እዚያ እህል ላይ የምትዘረጋው እሷ ነበረች፣ ልጇን በሆዷ ይዛ። በአምባው ላይ ደግሞ ጎንበስ ብሎ የሚያይ፣ «የት ጠፋች?» ብሎ የሚጠይቅ አንድም ነፍስ አልነበረም።

ዞረች። ፊቷን ወደ ነፋሱ አድርጋ ትንፋሿን ያዘችና ጭራዋን ወደ ጉድጓዱ ለቀቀችው።

«አብደሻል? ለጅብ ጭራ ይሰጣል?» አለች እመት ቀበሮ።

ጉድጓዱ እስከ አንገቱ በእህል የተሞላ ስለነበር የጭራዋ ጫፍ የአያ ጅቦን አፍንጫ ነካው። የጅብ ሌላው አካሉ ቢሞት አፉ በመጨረሻ ነው የሚሞተው። ዓይኑን ሳይገልጥ ገጭ አደረጋት። እመት አህያ ጋራውን ያናወጠ ጩኸት ጮኸች፤ ግን ጎተተች። ስንት ኩንታል የለመደ ወገብ እንደዚያ ያለ ጭነት አጋጥሞት አያውቅም። የኋላ እግሯ ወደ ጉድጓዱ መንሸራተት ጀመረ።

እመት ቀበሮ በልቧ አሰላች። ሁለቱም ከገቡ እህሉ በሬሳ ይበሰብሳል። ስሌቱ ይሁን ጩኸቱ ያነሳሳት እኔ አላውቅም፤ ዘላ የእመት አህያን ጋማ በጥርሷ ያዘችና ባላት ኃይል ወደ ፊት ሳበች። አያ ጅቦም ከጉድጓዱ ወጥቶ ሜዳው ላይ ተዘረረ።

ነፋሱ ሲያገኘው አነጠሰ። አንድ ዓይኑን ገለጠ። አፉ ሙሉ ጠጉር ነበር።

«ምን በላሁ?»

«ጭራዬን» አለች እመት አህያ።

ጥቂት አላመጠና ተስፋ ቆርጦ ተፋው። «ጠጉር ብቻ! አህያ ማለት ይህ ነው? ስንት ዓመት ሙሉ ስጎመጅ!»

የሆነውን ነገሩት። አያ ጅቦ ነገር ሲገባው ቀስ ብሎ ነው።

«ልበላሽ አልነበር እንዴ? ለምን አወጣሽኝ?»

«ልትበላኝ ነበር። ግን አንተ ባትገፈትረኝ የምገባው እኔ ነበርኩ። አንተን እኔ አወጣሁህ፣ አያ ጅቦ። እኔ ብገባ ማን ያወጣኝ ነበር?»

አያ ጅቦ ጥያቄው የእውነት ጥያቄ መሰለውና ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ።

«ማንም» አለ። «ማንም አልነበረም።»

ይህን ስትሰማ እመት አህያን እንባዋ አሸነፋት። ለልጇ ብላ ሁሉን አዘጋጅታለች፤ ውሃ አለ፣ እህል አለ፣ አጥር አለ። ለሷ የሚደርስላት ግን አላዘጋጀችም ነበር።

ቀኑንም ሌሊቱንም ሦስቱም ጉድጓዱ እስኪተነፍስ ጠበቁ። በማግስቱ ቀጭኗ እመት ቀበሮ ወርዳ እህሉን አወጣችው፤ በዚያ ጠባብ አፍ አሁን ሆዷ የገፋው እመት አህያማ ብትገባም መውጫ አልነበራትም። እመት ቀበሮ ከየአምስቱ ቁና አንዱን ለድካሟ አስቀረች፤ ደላላ ደላላ ነው። አያ ጅቦ ማሽላውን እያማረረ በላው፣ እሱ በጣሰው አጥር ሥርም ተኛ። ሌላ ጅብ ግን በዚያ በኩል ዝር አላለም።

ውርንጭላው በሦስተኛው ቀን ተወለደ። አያ ጅቦ ቀርቦ አሽትቶት «ትንሽ ጠጉር» አለና ተመልሶ ተኛ። ዝናቡ መጥቶ የሐሙስ ገበያ ሲከፈትም እመት አህያ ወደ ጭነቷ አልተመለሰችም፤ እዚያው አምባዋ ላይ ማሽላዋን እያመረተች ኖረች። የተደረመሰውን አጥር ስታድስ ግን በር አበጀችለት።

ከዚህ የምንማረው ለክፉ ቀን እህል መሸሸግ ብልህነት ቢሆንም፣ ጉድጓድ ስንገባ የሚያወጣን ወዳጅ ግን ጉድጓድ ውስጥ የማይሸሸግ መሆኑን ነው።